የመጀመሪያ ፍቅር አይረሳም፤ እና ምን ይሁን?

ሥራዬ ባልና ሚስት ማማከር ነው። እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ትንሽ ቢሮ አለችኝ። ሰው ሲመጣ ወሬውን የሚጀምረው ከገንዘብ፣ ከአማት ወይም ከስልክ ነው። ትንሽ ይቆይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይገርምዎታል እትዬ፣ እኔ እኮ የመጀመሪያ ፍቅረኛዬን አላገባሁም» ይለኛል። የትዳሩ ችግር ምንጭ ተገኘ ማለት ነው! ሚስቱ አጠገቡ ካለች ደግሞ ቀሪውን ሰዓት እሷን ሳባብል ነው የምውለው።

ታክቶኛል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ዘወትር የምሰማቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች ላንሳ። በጣም የሚያናድደኝን አስቀድማለሁ።

«የመጀመሪያ ፍቅር አይረሳም፤ እውነተኛውም እሱ ነው»

አይረሳም? እሺ ይሁን። የማይረሳ ነገር ሁሉ ትክክል ነው ያለው ግን ማነው? የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ስፈተን ያደረግኩትን ጫማ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ተረከዜን ይልጠኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ40 ዓመት በላይ የሆናቸውን ሰዎች «ከሕይወታችሁ ትዝ የሚላችሁን ንገሩን» ብትሏቸው፣ ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው መሀል የሆነው ከሌላው ዕድሜ በዝቶ ይመጣል። የትዝታ ተመራማሪዎች ይህን ደጋግመው አይተውታል። በዚያ ዕድሜ ብዙ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል፤ ሰው «እኔ ማነኝ» የሚለውንም የሚመልሰው ያኔ ነው። ስለዚህ ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ ደምቃ የምትታይህ በእሷ ምክንያት ብቻ አይደለም። 16 ዓመትህ ስለነበረም ነው። የዚያን ጊዜ ጎረቤትህም፣ የሰፈሩ ኳስ ሜዳም ደምቀው ይታዩሃል። ጎረቤትህን ግን «ባገባው ኖሮ» አትልም።

አንጎልም የራሱ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብ ተመራማሪ ሄለን ፊሸርና ባልደረቦቿ በፍቅር ያበዱ ሰዎችን ኤምአርአይ (አንጎል ሲሠራ ምስሉን የሚያነሳ መሣሪያ) ውስጥ አስገብተው የሚወዱትን ሰው ፎቶ አሳዩአቸው። የነቃው ዶፓሚን (አንጎል ውስጥ ያለ፣ አንድን ነገር አጥብቀን እንድንሻ የሚገፋፋን ኬሚካል) የሚመነጭበት፣ ሽልማት ሲሸተው የሚነሳው ክፍል ነው። «ቆይ እስቲ፣ ሰከን በል» የሚለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ግን ተገንብቶ የሚያልቀው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ገደማ ነው። የ16 ዓመት ልጅ ቢያብድ ምን ይገርማል? ደግሞም እብደቱ አይቆይም። ዶሮቲ ቴኖቭ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንደጻፈችው፣ እንቅልፍ የሚነሳው ዓይነት ፍቅር በአብዛኛው ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ነው ዕድሜው።

አንዲት ደንበኛዬ (ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው) የ10ኛ ክፍል ፍቅረኛዋን ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች። ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ወረቀት ነው። ስምንት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ላይ ተበልቷል፤ ጥግ ላይ በቀይ እስክርቢቶ ልብ ተስሎበታል። «ይኸው፣ እንዲህ የጻፈልኝ ሰው በሕይወቴ የለም» አለችኝ። በይ አንብቢልኝ አልኳት። «ለጤናሽ እንደምን ነሽ፣ እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። ጥሩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ግማሽ ገጽ ስለ ኮምፓስ ነው። ያዋሳትን ኮምፓስ እስከ ሐሙስ እንድትመልስለት፣ የወንድሙ ስለሆነ እንደሚመታው፣ የኬሚስትሪ ኖቷንም ይዛ እንድትመጣ። ሳቋ መጣ። ደብዳቤውን ዕድሜ ልኳን ደብቃ ስታኖር ኮምፓሱ ከትዝታዋ ወጥቷል። የቀረላት አዌቱ ድልድይ ላይ በአንድ ጃንጥላ መሄዳቸው ነው። በነገራችን ላይ ጅማ ላይ ዝናብ የሌለበት የፍቅር ትዝታ ማግኘት ይከብዳል፤ ለዝናቡ እንጂ ለልጁ ምስክርነት አይሆንም።

ሌላም አለ። የእኛ ሰው የመጀመሪያ ፍቅር በጠብ የሚያልቀው ጥቂቱ ነው። የ10ኛ ክፍል ፈተና አንዱን ፕሪፓራቶሪ፣ ሌላውን ቴክኒክና ሙያ አስገባ። ያለፉትን ደግሞ ምደባ አንዷን መቀሌ፣ አንዱን ሐሮማያ ላካቸው። አውቶግራፍ ተጻጽፎ፣ ተላቅሶ፣ በአውቶቡስ መስኮት እጅ ተወዛውዞ አለቀ። አልተሰላቻችሁም። የቤት ኪራይ አልከፈላችሁም፤ በሌሊት ትኩሳት የያዘው ልጅ ታቅፋችሁ ባጃጅ አልፈለጋችሁም። ሚስትህ ግን ይህን ሁሉ ካንተ ጋር አድርጋለች። አሁን እሷን ከማን ጋር ነው የምታወዳድራት? አንድም ቀን ሽንኩርት ግዢ ካላልካት ልጅ ጋር!

«በጥናት ተረጋግጧል» የሚሉኝም አሉ። ናንሲ ካሊሽ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ከድሮ ፍቅረኞቻቸው ጋር እንደገና የተገናኙ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ጠይቃ ነበር። 72 በመቶው አብረው እንደሆኑ አገኘች። ሰው ይህችን ቁጥር ይዞ ይመጣል። የተጠየቁት እነማን ናቸው? በፈቃዳቸው መጠይቅ የሞሉ፣ ያውም ፍቅሩን እንደገና የጀመሩ ሰዎች። ተገናኝቶ፣ አንድ ቡና ጠጥቶ «ይቺ ናት እንዴ?» ብሎ የተመለሰው እዚያ ውስጥ የለም። ካሊሽ ራሷም በኋላ ባለትዳሮች የድሮ ፍቅረኛቸውን ኢንተርኔት ላይ እንዳይፈልጉ ስታስጠነቅቅ ነበር።

እኔም የምለው እሱን ነው። «ሰላም ብቻ ልበላት» ብሎ ነገር የለም። ቴሌግራም ላይ ሌሊት አምስት ሰዓት ሚስት ከተኛች በኋላ የሚላክ ሰላም ሰላም አይደለም። ሚስትህ አጠገብህ ቁጭ ብላ እያየች መላክ የማትችለውን አትላክ። ፎቶዋን ማየት ካማረህ ከሚስትህ ጋር እየው፤ ሳቁበት። ትዝታው በራሱ ነውር አይደለም። ስትናፍቅ ግን የናፈቀህ ምኑ እንደሆነ ጻፈው። ብዙዎቹ ደንበኞቼ ሲጽፉት የሚወጣው የልጅቷ ጠባይ አይደለም፤ «ያኔ ኃላፊነት አልነበረብኝም»፣ «ያኔ የሚያዳምጠኝ ሰው ነበር» ነው የሚወጣው። የሚያዳምጥ ሰው ከፈለግክ ሚስትህን ወደ ጅረን ኮረብታ ይዘሃት ውጣ፤ ስልክህን ቤት ተወውና አውራ። ይህን ሳትሞክር ፌስቡክ ላይ የልጅቷን ስም በሦስት ዓይነት ፊደል ስትፈልግ ማደር የትዳር ችግር ሳይሆን የሥራ መፍታት ችግር ነው።

«የልጅ ፍቅር ቀልድ ነው»

ይህን የሚሉኝ ደግሞ እነዚያው የራሳቸውን የማይረሱት ናቸው። አንድ አባት ልጁ ስልክ ላይ የፍቅር መልእክት አግኝቶ ስልኩን ሰባብሮት መጣ። «ቲያትር ነው፣ በዚህ ዕድሜ ምን ፍቅር አለ?» እያለ ሲጮህ ሚስቱ ቀስ ብላ፣ «እናትህ ነግረውኛል። ለዚያች ለሂርማታ ሰፈር ልጅ ምግብ ትተህ ጸበል ወስደውሃል» አለችው። ቢሮዬ ጸጥ አለ።

የልጁ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። አትሳቁበት። የወደደውን ሰው ስም ጠይቁ፣ የት እንደተዋወቁ ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ከትምህርት ቤት ማስቀረት፣ «ትዳር ይሻላታል» ማለት መፍትሔ አይደለም፤ ሕጉም ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል። ከተለያዩ በኋላ እንቅልፍ፣ ምግብና ትምህርት ከሁለት ሳምንት በላይ ከተበላሸ ሐኪም ጋ ውሰዱ። «መሞት እፈልጋለሁ» የሚል ቃል ከወጣ ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው።

«የድሮ ፍቅር ንጹሕ ነበር»

ለማን? በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ሴት የጠለፈ ሰው ከጠለፋት ልጅ ጋር የጸና ጋብቻ ከፈጸመ አይከሰስም ነበር። ይህ የቀረው አዲሱ የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል ነው። ከዚያ በፊት እንዳይጠለፉ ፈርተው ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በሩጫ የሚሄዱ ልጆች ነበሩ። ደብዳቤው ያምር ነበር፤ መንገዱ ግን አያምርም ነበር።

«ካልቀና አይወደኝም»

ስልክሽን የሚበረብር ልጅ በርባሪ ነው።

«እምቢ ማለቷ እሺ ማለቷ ነው»

አይደለም። ቀጥሉ።

«ወንድ ቶሎ ይረሳል»

ስለ 10ኛ ክፍል ፍቅራቸው ሊያወሩኝ ቢሮዬ ድረስ የሚመጡት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። ሴቶቹ የሚመጡት ስለ ቤት ኪራይ ነው።