እውነተኛ መሪነት ምንድን ነው?

በ2001 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የከሰረው የአሜሪካው የኃይል ኩባንያ ኤንሮን አራት መርሆዎች ነበሩት፤ አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ተግባቦትና ልቀት። በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ አሳምሮ አትሟቸው ነበር። ገመናው ሲገለጥ ግን ዕዳውን ሲደብቅና በእጁ ያልገባ ትርፍ ሲመዘግብ መኖሩ ታወቀ። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አጡ፤ ብዙዎቹ ለጡረታ ያጠራቀሙት ገንዘብም አብሮ ቀለጠ። በተከታዩ ዓመት ወርልድኮም የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ በሒሳብ ማጭበርበር ተንኮታኮተ። በአስተዳደር ትምህርት ዓለም «እውነተኛ መሪነት» የተባለው ሐሳብ ጎልቶ የወጣው በዚያ ሰሞን ነው። ሐሳቡ ባጭሩ ሲነገር እውነተኛ መሪ ማለት የሚናገረው፣ የሚያምነውና የሚሠራው የማይጣሉበት፣ ጉድለቱን የሚያውቅና ከሰው ስለ ራሱ ለመስማት የማይሸሽ ሰው ነው።

ሐሳቡን ለሰፊው አንባቢ ካደረሱት አንዱ ቢል ጆርጅ ነው። ሜድትሮኒክ የተባለውን የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ አምራች ከ1991 እስከ 2001 በዋና ሥራ አስፈጻሚነት መርቷል፤ በእነዚያ ዓመታት የኩባንያው የገበያ ዋጋ ከ1.1 ቢሊዮን ወደ 60 ቢሊዮን ዶላር አድጓል። በኋላም በሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት አስተምሯል፤ በ2003 በዚሁ ጉዳይ ላይ መጽሐፍ አሳትሟል።

ከቢሊዮኖቹ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የወጣትነት ሽንፈቱ ነው። ጆርጅ ራሱ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለ ለክፍሉ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ በሰፊ ልዩነት ተሸነፈ። ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ደግሞ ስድስት ጊዜ ተወዳድሮ ስድስቱንም ጊዜ ወደቀ። ከሰባተኛው ሽንፈት በኋላ ከእሱ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ለብቻው ገለል አድርገው መከሩት። ችሎታ እንዳለው፣ ነገር ግን ሁልጊዜ ለራሱ ዕድገት እንደሚሮጥና ለሌላው ጊዜ እንደሌለው፣ በዚህ አያያዙ ማንም አብሮት መሥራት እንደማይፈልግ ነገሩት። ነገሩ ከነከነው። ከሌሎችም ጋር እየተነጋገረ ቀስ በቀስ ጠባዩን አረመ፤ ከዚያ በኋላ የተማሪ ማኅበራት መሪ ሆኖ መመረጥ ጀመረ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ነገር አለ። ጆርጅ በሰባቱም ውድድሮች ላይ አላስመሰለም። ሥልጣን የሚወድ፣ የሚጣደፍ ልጅ ነበር፤ መራጮቹም ያዩት ይህንኑ ልጅ ነው። ስለዚህ በየሥልጠናው የሚደጋገመው «ራስህን ሁን» የሚለው ምክር ለእሱ ምንም አይፈይድለትም ነበር፤ ራሱን ሆኖ ነው የተሸነፈው። የጎደለው ራሱን ከውጭ ማየት ነበር፤ ለዚያ ደግሞ የሌሎች ሰዎች ዓይን አስፈለገው።

በአሜሪካ በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ የተሰባሰቡ ተመራማሪዎች ሐሳቡን በመጠይቅ ለመለካት ሞክረዋል። በ2008 ያወጡት አሥራ ስድስት ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ በአሜሪካ፣ በቻይናና በጎረቤታችን ኬንያ በተሰበሰበ መረጃ የተፈተሸ ነው። እነሱ እንደሚሉት እውነተኛ መሪነት አራት ነገሮችን ይይዛል። ራስን ማወቅ አንዱ ነው። ከሰዎች ጋር በግልጽ መነጋገር ሌላው ነው። ከራስ አቋም ጋር የሚጋጭ ሐሳብን ፈልጎ መስማትና ሳያዳሉ መመዘን ሦስተኛው ሲሆን፣ አራተኛው ሰው ባያይም የማይለወጥ የሥነ ምግባር መስፈርት ነው። ስለ አራተኛው ብዙ ማተት አያስፈልግም፤ ኤንሮን በቂ ማስረጃ ነው። አብዛኛውን ሰው የሚያደናግሩት ግልጽነትና ራስን ማወቅ ናቸው።

ግልጽነት ማለት በልብ ያለውን ሁሉ አደባባይ ማውጣት አይደለም። ሄርሚኒያ ኢባራ የተባለች የአመራር ተመራማሪ በ2015 መጀመሪያ ባወጣችው ጽሑፍ የአንዲት ኃላፊን ታሪክ አንስታለች። ኃላፊዋ በአንድ የጤና ድርጅት ውስጥ ትልቅ ሹመት አገኘች፤ በሥሯ ያሉት ሠራተኞች ቁጥር በአንድ ጊዜ አሥር እጥፍ ሆነ። በግልጽነት ታምን ስለነበር፣ ሥራውን እንደምትወደው፣ ግን እንደፈራችና እርዳታቸውን እንደምትሻ ለአዲሶቹ ሠራተኞቿ ነገረቻቸው። ሠራተኞቹ የሚጠብቁት ልበ ሙሉ መሪ ነበር። ገና ከጅምሩ አመኔታቸውን አጣች። እኔ ሴትዮዋን አልፈርድባትም፤ የነገረቻቸው እውነት ነው። ያጠፋችው ለማን፣ መቼና ለምን ጥቅም እንደምትናገር አለመመዘኗ ላይ ነው። ፍርሃቷን ለቅርብ አማካሪዋ ብትነግር፣ ለሠራተኞቹ ደግሞ የምታውቀውንና ገና የምታጠናውን ለይታ ብታስረዳ፣ ማንንም ሳትዋሽ ሥራዋን በጀመረች ነበር።

ራስን ማወቅ ከዚህም ይከብዳል። ታሻ ዩሪክ የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቿ ጋር ባካሄደችው ጥናት፣ አብዛኛው ሰው ራሱን እንደሚያውቅ ቢያምንም በእርግጥ መስፈርቱን የሚያሟላው ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ብቻ ነው። ሥልጣን ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል፤ ሰው ከፍ ባለ ቁጥር ስለ ራሱ የሚነገረው እውነት እያነሰ ይሄዳልና። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ አለ። «ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ» እየተባለ ያደገ ሠራተኛ አለቃውን ፊት ለፊት «ተሳስተዋል» አይልም፤ የሚለውን ነገር ለሻይ ሰዓት ያቆየዋል።

ስብሰባ ውስጥ ይህ እንዴት እንደሚሆን የማያውቅ የለም። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ ግማሽ ሰዓት ይናገራል፤ ውሳኔውን ከነምክንያቱ ይዘረዝራል፤ ከዚያም «እስቲ ሐሳብ ስጡበት» ይላል። አንዱ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ያጎነብሳል። ሌላው የውኃውን ጠርሙስ ክዳን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ሠራተኛ «ሁሉንም ዳስሰውታል፣ የምንጨምረው የለም» ብሎ ይገላግላቸዋል። ሥራ አስኪያጁ በሙሉ ድምፅ እንደተደገፈ አምኖ ይወጣል፤ ሌሎቹ ደግሞ ኮሪደር ላይ ሁለተኛውን ስብሰባ ይጀምራሉ።

ድሮ ይህን የሚያውቁ ሰዎች መላ አበጅተውለት ነበር። በቀድሞው የነገሥታት ችሎት ዳኞች አስተያየታቸውን የሚሰጡት ከበታቹ ጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ የንጉሡ ቃል የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ንጉሡ ከተናገረ በኋላ ማን ይቃረናል? «እረኛ ምን አለ?» የሚለው አነጋገርም መኳንንቱ ፊት ለፊት የማይሉትን ከሜዳ የሚያመጣ ጥያቄ ነው። በዛሬ መሥሪያ ቤትም ኃላፊው ሐሳቡን መጨረሻ ላይ ቢናገር፣ መናገሩንም ከአዲሷ ተቀጣሪ ቢያስጀምር፣ ምንም በጀት አይጠይቅም።

«ግምገማ ለዚህ አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። በእኔ እምነት አይበቃም። በሰው ፊት የሚወቀስ ሰው የሚያስበው ስለ መልሱ ነው፤ የሚወቅሰውም ብዙ ጊዜ የቆየ ቂሙን ያራግፋል። ጆርጅን የቀየሩት ተማሪዎች ለብቻው ነው የነገሩት፤ ውድድሩም ስላለቀ ከነቀፋው የሚያተርፉት ነገር አልነበረም።

ሰውየው ትምህርቱን ወደ ሥራው ወስዶታል። ሜድትሮኒክ ከገባ በኋላ የኩባንያው ምርት እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ጋውን ለብሶ ሕክምና ክፍል ይገባ ነበር። አንድ ቀን ሐኪሙ በታካሚው የደም ሥር ውስጥ ያስገባው የኩባንያው ካቴተር በእጁ ላይ ተበታተነበት። ሐኪሙ በንዴት ደም የነካውን ቀጭን ቱቦ ወደ ጆርጅ ወረወረው፤ ጆርጅም ጎንበስ ብሎ አመለጠ። ዋና መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ በሚቀርብ ሪፖርት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር «የጥራት ቅሬታ» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል። እሱ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሕክምናዎችን ቆሞ ማየቱን ቀጠለ።

ስለ ጥናቶቹ አንድ ነገር ልበል። በእውነተኛ መሪነት ላይ የተጻፈው ሁሉ እኩል ክብደት የለውም። በ2014 በዘርፉ ስመ ጥር የሆነ አንድ የምርምር መጽሔት በስታቲስቲክስ ችግር ምክንያት የተወሰኑ ጽሑፎችን ሰርዟል። መሪው ራሱ በሞላው መጠይቅ እውነተኛነቱን መመዘንም የሚያስቅ ነገር አለው። ስለዚህ «እውነተኛ መሪ ትርፋማ ነው» የሚሉ ማስታወቂያዎችን በጥርጣሬ ማየት አይከፋም።

መጀመር ለሚፈልግ ኃላፊ ዋናው ነገር የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ስለ እኔ ምን ታስባላችሁ?» ብሎ የጠየቀ «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ደህና ነዎት» ከማለት ሌላ መልስ አያገኝም። ጠበብ ያለ፣ ስለ አንድ ቀንና ስለ አንድ ድርጊት የሆነ ጥያቄ ግን ይመለሳል። «ትናንት የሒሳብ ክፍሏ ኃላፊ ስትናገር አቋርጫታለሁ?» «ውሳኔውን የነገርኳችሁ ለመወያየት ጊዜ ሳልሰጥ ነው?» እንደማለት ነው። ጥያቄው ለብቻ፣ ቢቻል ከቢሮ ውጭ ይሁን። መልሱ ሲመጣ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ መጻፍና ማመስገን ይበቃል። ከዚያ በተነገረው ላይ አንዲት የምትታይ ነገር ቶሎ ማስተካከል ነው። የሰኞ ስብሰባ ምሳ ሰዓት እየበላ ነው ከተባለ፣ የሚቀጥለውን ሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት ጨርሶ «ባለፈው ስለነገራችሁኝ ነው» ብሎ መነሣት። በሁለተኛው ዙር ሲጠየቁ ዝም ብለው ከነበሩት አንዳንዶቹ መናገር ይጀምራሉ።