በርሌስክና የስትሪፕ ክለብ ጭፈራ በምን ይለያያሉ?

ሁለቱም ላይ ልብስ ይወልቃል፤ ሰው የሚምታታበትም ለዚህ ነው። ልዩነቱ ግን ስንት ልብስ ወለቀ የሚለው ላይ አይደለም።

በርሌስክ የመድረክ ትርኢት ነው። ተመልካቹ ትኬት ቆርጦ ይገባል፣ ይስቃል፣ ያጨበጭባል። ተዋናይዋ ሊዲያ ቶምፕሰን በ1868 እ.ኤ.አ. ቡድኗን ይዛ ከእንግሊዝ ኒውዮርክ ስትገባ ነገሩ ቀልድ፣ ዘፈንና ሹፈት ነበር፤ ማውለቁ የመጣው በኋላ ነው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ዝነኛ የሆነችው የበርሌስክ ተጫዋች ጂፕሲ ሮዝ ሊ እንኳ እያወራችና እያሳቀች አንዲት ጓንት ለማውለቅ ጊዜዋን ትወስድ ነበር፣ ሰዉም የሚመጣው ለዚያ ጨዋታዋ ነው። ዛሬም ብዙ የበርሌስክ ተጫዋቾች ልብሳቸውን ራሳቸው ይሰፋሉ፣ የሚያብረቀርቀውን ጌጥ አንድ በአንድ በእጃቸው ይለጥፋሉ፤ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይም የጡት ጫፍ መሸፈኛና የውስጥ ሱሪ ይቀራል። ወንዶችም ይሠሩታል።

ስትሪፕ ክለብ ውስጥ ደግሞ ገንዘቡ የሚገኘው በዋናነት ከቲፕና ለአንድ ደንበኛ ለብቻው ከሚደረግ ጭፈራ ነው። ስለዚህ ደንበኛውን ማናገርና ማግባባት የሥራው ግማሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ክለቦች ጭራሽ ጨፋሪዋን ራሷን ለምሽቱ ያስከፍሏታል!

«በርሌስክ ጥበብ ነው፣ ያኛው ውርደት» የሚሉ ሰዎች ግን ያናድዱኛል። በ1937 እ.ኤ.አ. በከንቲባ ላጋርዲያ ዘመን የኒውዮርክ የበርሌስክ ቲያትሮች ፈቃድ ተከልክለው የተዘጉት ጸያፍ ናችሁ ተብለው ነው። በስትሪፕ ክለብ የሚታየው ምሰሶ ላይ መጨፈርም ቢሆን ከባድ ጉልበትና ልምምድ ይጠይቃል። ደግሞም ሁለቱንም የሚሠሩ ሴቶች አሉ።