የስኖውሞቢል ሰስፔንሽን ምንድን ነው? ጀርባቸውን ለሚያማቸው

ጀርባውን የሚያመው ሰው ስኖውሞቢል፣ ማለትም በበረዶ ላይ የሚነዳ ማሽን፣ ሊገዛ ሲሄድ መጀመሪያ ወንበሩን በእጁ ጫን ጫን ያደርጋል። ስፖንጁ ለስለስ ካለለት ደስ ይለዋል። ስፖንጅ ግን ትንሽ ነው የሚረዳው። ወገብን የሚያተርፈው ከሥር ያለው ሰስፔንሽን ነው።

ሰስፔንሽን ማለት መሬቱ ሲያንገጫግጭ ምቱን ተቀብሎ፣ አብርዶ ወደ ላይ የሚያሳልፍ ክፍል ነው። ስኖውሞቢል ከፊት በበረዶው ላይ የሚንሸራተቱ ሁለት ስኪዎች አሉት። ከኋላ ደግሞ እንደ ታንክ ሰንሰለት የሚዞር ሰፊ የጎማ ቀበቶ አለው፤ ትራክ ይባላል። የኋላው ሰስፔንሽን እዚህ ትራክ ውስጥ ነው የተደበቀው። ሁለት ረጃጅም ሐዲዶች ትራኩን ከውስጥ ወደ በረዶው ይጫኑታል። በሐዲዶቹና በማሽኑ አካል መሀል ሞላና አሞርዛተር አለ። የምንቀመጠው ከዚህ በላይ ስለሆነ የጀርባችን ጉዳይ በዋናነት እዚህ ያልቃል።

ሞላው ክብደት ይሸከማል፣ ሲጫኑት ይታመቃል፣ ከዚያ መልሶ ይገፋል። አሞርዛተሩ ያንን ግፊት ያረጋጋል። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የጉብታው ኃይል ወደ ሙቀት ይቀየራል። አሞርዛተሩ ከደከመ ማሽኑ ጉብታውን ካለፈም በኋላ መዝለሉን አያቆምም። ያገለገለ ማሽን ስታዩ ጎንበስ ብላችሁ የአሞርዛተሩን ዘንግ ተመልከቱ። ዘይት ካረጠበው ማሳደሻውን ከዋጋው ላይ አስቡት።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጀርባዬን ስለሚያመኝ በጣም ለስላሳውን ስጡኝ ይላል። ለስላሳ ሞላ ቀስ ብለው ሲነዱት እንደ ፍራሽ ይመቻል። ትልቅ ጉብታ ሲመጣ ግን የሚታመቅበት ቦታ ያልቅበታል። ብረቱ ማቆሚያው ላይ ድው ይላል። የተቀመጠ ሰው ያንን ምት በቀጥታ በአከርካሪው ነው የሚቀበለው። የታመመ ወገብ ሊፈራ የሚገባው ይህንን ነው። ስለዚህ የምንፈልገው ለትንሹ ጉብታ ቶሎ የሚታዘዝ፣ ለትልቁ ደግሞ እየጠነከረ የሚሄድ ሰስፔንሽን ነው።

ይህ ደግሞ በነጂው ክብደት ይወሰናል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የሚስማማ ሞላ 100 ኪሎ የሚመዝነውን ድው ያደርገዋል። ለሁለት ሰው ተብሎ የተሠራ ማሽንም እንዲሁ ነው። ረጅም ነው፣ መደገፊያ አለው፣ ሲያዩት ምቾት ብቻ ይመስላል። ሞላው ሳይላላ ብቻችሁን ከነዳችሁት ግን ደርቆ ያስቸግራችኋል።

ለእናንተ መስተካከሉን በሜትር ማወቅ ይቻላል። አንድ ጤነኛ ሰው የኋላውን ፓራውልት ይዞ ሞላው እስኪለቅ ድረስ ወደ ላይ ያንሳ። እናንተ እንዳታነሱ! ከመሬት እስከ ፓራውልቱ ያለውን ርቀት ለኩ። ከዚያ የምትለብሱትን ሁሉ ለብሳችሁ ተቀመጡና እንደገና ይለካ። ልዩነቱ ሳግ ይባላል። በተለምዶ ሰስፔንሽኑ ካለው ጠቅላላ ጉዞ፣ ማለትም ሊታመቅ ከሚችልበት ርቀት፣ ከሩብ እስከ ሲሶ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካለፈ ሞላው ላልቷል፤ ካነሰ ጠንክሯል። በብዙ ማሽኖች ላይ የሞላውን ውጥረት በአንድ መፍቻ ማስተካከል ይቻላል። ሻጩ ይህን አብሯችሁ ካላደረገ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

የትራኩ ርዝመትም ቁም ነገር ነው። 121 ኢንች እና 137 ኢንች የሚባሉትን በብዛት ታገኛላችሁ። ረጅሙ በሁለት ጉብታዎች መሀል ያለውን ጎድጓዳ እንደ ድልድይ ይሻገረዋል፤ አጭሩ ይገባበታል። ለወገብ ረጅሙን እመርጣለሁ፣ መታጠፍ ላይ ትንሽ ቢከብድም።

አቀማመጥም አለ። በድሮዎቹ ማሽኖች ነጂው ወደ ኋላ ገባ ብሎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ ነበር የሚቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሞዴል ስኪዱ የተባለው የስኖውሞቢል ብራንድ ሬቭ የሚባለውን ማሽን ይዞ ሲመጣ ነጂውን ወደ ፊት፣ ወደ ማሽኑ መሀል አስጠጋው። ሌሎቹም ተከተሉ። ጥቅሙ እግር ከሥር መሆኑ ነው። ጉብታ ስታዩ ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ትላላችሁ፣ ምቱንም ጉልበታችሁ ይውጠዋል። ስትሞክሩት መሪውን ሳትጎትቱ መነሳት ከቻላችሁ ልኩ የእናንተ ነው። ካልቻላችሁ መሪውን ከፍ የሚያደርግ ማስረዘሚያ ይገጠምለታል።

ፍጥነትም ከሰስፔንሽኑ ጋር መታየት አለበት። የተቀመጠ ሰው አካል በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በሚደጋገም የላይና ታች ንዝረት ይበልጥ ይናጣል። ጉብታዎቹ በ3 ሜትር ርቀት ቢደረደሩና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ብትነዱ በሰከንድ ከ4 በላይ ይመቷችኋል። ትንሽ መቀነስ ብቻውን ከዚያ ያወጣል።

በቁልፍ የሚነሳና የኋላ ማርሽ ያለው ይሁን። ገመድ መሳብና በረዶ ውስጥ የተቀረቀረ፣ ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝን ማሽን መጎተት ከየትኛውም ጉብታ ይብሳል። የአከርካሪ ዲስካችሁ ችግር ካለበት ደግሞ ከሻጩ በፊት ሐኪማችሁን አናግሩ።

ሙከራውን ጠዋት አታድርጉት። መንገዱ ሌሊት ተደልድሎ ስለሚያድር ጠዋት ሁሉም ማሽን ምቹ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲመላለስበት ውሎ ጉብታው ሲወጣ ሂዱና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት።