ስለ ትግራይ ጥንታዊ ድንጋዮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በመቀሌ ዙሪያ ተራራ ላይ የሚገኘው ዛጎል የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ ያመጣው ነው።»

ዛጎሉ የባሕር መሆኑ ልክ ነው፤ የቀረው ግን አያስኬድም። ዛጎሉ የሚገኝበት የሕንጣሎ የኖራ ድንጋይ ውፍረቱ እስከ 700 ሜትር ይደርሳል፤ ዕድሜውም ከ150 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ከዛጎሉ ጋር ኮራል (ድንጋይ መሰል ቤት የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ይገኝበታል፤ ኮራል ደግሞ ጥርት ባለ ሞቃት ባሕር እንጂ በደፈረሰ ጎርፍ አያድግም። ከበላዩ የተነጠፈው የአጉላዕ ደለል ጂፕሰም የሚባል ማዕድን አለበት። ጂፕሰም የሚፈጠረው ጨዋማ ውኃ በፀሐይ ሲተን ነው። ውኃ የሸሸበትን ንጣፍ ለጥፋት ውኃ ምስክር አድርጎ መጥራት ይከብዳል።

«እንግዲያው ባሕሩ እስከ ተራራው ጫፍ ሞልቶ ነበር።»

ተራራው ራሱ ገና አልነበረም። መሬቱ ዝቅ ያለ ስለነበር ባሕሩ ከምሥራቅ በኩል ገባበት። ዛሬ መቀሌን ከ2,000 ሜትር በላይ ያደረሳት ብዙ ቆይቶ የመጣ የምድር መነሣት ነው።

«የገርዓልታም የላሊበላም አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉት ከአንድ ዓይነት ድንጋይ ነው።»

የላሊበላው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ የገርዓልታው የዓዲግራት የአሸዋ ድንጋይ። የገርዓልታን ቅላት የእሳት ምልክት የሚያደርጉም አሉ፤ የብረት ዝገት ነው።

«በዚህ ምድር የበረዶ ግግር ኖሮ አያውቅም።»

ከሁሉም ይህኛውን ማረም ደስ ይለኛል። በዕዳጋ ዓርቢ አካባቢ በደቃቅ ጭቃ ውስጥ ጠጠርና ትልልቅ ድንጋይ ያለ ሥርዓት ተሰግስጎ ይታያል፤ የአንዳንዱ ድንጋይ ፊት ተፍቆ ተጭሯል። ወራጅ ውኃ ድንጋይን በመጠን በመጠኑ ይለያል፤ እንዲህ ደባልቆ የሚያራግፍና እየፋቀ የሚጭር በረዶ ነው። ይህ የሆነው ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ አፍሪካ ከአንታርክቲካና ከህንድ ጋር ተጣብቃ ወደ ደቡብ ዋልታ በቀረበችበት ዘመን ነው።

«ከላይ ያለው ድንጋይ ሁልጊዜ ከታችኛው በዕድሜ ያንሳል።»

አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ የሚያሳስተውም ለዚሁ ነው። በመቀሌ ዙሪያ በደለል ንጣፎች መካከል የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ዶለራይት ይባላል። ቀልጦ ከታች መጥቶ፣ በንጣፎቹ መሐል ሰርጎ እዚያው ረጋ። ስለዚህ በላዩ የተቀመጠው ደለል በዕድሜ እጅግ ይበልጠዋል። የሚጠራጠር ሰው ዶለራይቱ የነካውን ጠርዝ ይመልከት፦ በምድር ላይ የፈሰሰ ቅላጭ ቢሆን ኖሮ የሚለበልበው ከሥሩ ያለውን ብቻ ነበር፤ እዚህ ግን ከላይ ያለውም በግለቱ ተለብልቧል።