የከተማ አየር ብክለት ካርታ፦ የተለካው እና የተገመተው

የአየር ብክለት ካርታ ላይ ከምናየው ቀለም አብዛኛው ግምት ነው። ጥቂት ቦታዎች ላይ መሣሪያ ይተከላል። የቀረውን ከተማ በስሌት የሚገምት የኮምፒውተር ሞዴል ይሞላዋል። ካርታው ላይ ግን የተለካውም የተገመተውም እኩል ደምቆ ይታያል። ለዚህ ነው የስህተቱን መጠን አስልቶ ማሳየት የካርታው አንድ አካል መሆን ያለበት።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ከተማዋ ውስጥ ያለውን ደቃቅ ብናኝ (ፒኤም 2.5) ለሕዝብ በየሰዓቱ ያሳዩ ከነበሩት መሣሪያዎች መካከል እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመሩት የአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያዎች ይገኙበታል። በማርች 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየአገሩ ካሉ ኤምባሲዎቹ የሚሰበሰበውን ይህን መረጃ ማጋራቱን አቆመ። ኤምባሲው የሚገኘው በሰሜን፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ፋብሪካ የበዛበት አቃቂ ቃሊቲ ደግሞ በደቡብ፣ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው። በእንጦጦ ግርጌ ቁጥር ስለ ቃሊቲ አየር መናገር አያስተማምንም።

ስህተቱ የሚጀምረው ከመለኪያው ነው። በየሰፈሩ ሊተከሉ የሚችሉት ርካሽ ሴንሰሮች አየሩን በትንሽ ፋን ይስቡና በሌዘር ያበሩበታል። ከብናኙ ላይ የሚበተነው ብርሃን ወደ ቁጥር ይቀየራል። አየሩ ሲረጥብ ብናኙ ውሃ ይዞ ያብጣል፤ ቁጥሩም ካለልኩ ይወጣል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ፐርፕልኤር ለተባሉት ርካሽ ሴንሰሮች የማስተካከያ ቀመር አለው። ሴንሰሩ በኩቢክ ሜትር 25 ማይክሮግራም ቢያነብና እርጥበቱ 60 በመቶ ቢሆን፣ ቀመሩ የሚሰጠው 14 ገደማ ነው። ግማሽ ለግማሽ ማለት ይቻላል! ቀመሩ ደግሞ የተሠራው በአሜሪካ መረጃ ነው። የከሰል ጭስ፣ የአሮጌ ናፍጣ መኪና ጭስና የኮረኮንች መንገድ አቧራ በተደባለቀበት ከተማ እንዳለ ተወስዶ አይሠራበትም። ሴንሰሩን ከአስተማማኝ መሣሪያ አጠገብ አስቀምጦ፣ በጋም ክረምትም እያነጻጸሩ የራስን ቀመር ማውጣት ያስፈልጋል።

ሳተላይትም የራሱ ክፍተት አለው። ሴንቲነል 5ፒ የተባለው የአየር ብክለት መለኪያ ሳተላይት በአንድ ቦታ ላይ የሚያልፈው በአብዛኛው በቀን አንዴ፣ ከቀኑ 7:30 አካባቢ ነው። ማለዳ የሚያያዘውን ከሰልም ሆነ የማታውን የትራፊክ ጭንቅንቅ አያየውም። በክረምት ደመናው ይጋርደዋል። ከዚያም ላይ የሚለካው ከመሬት እስከ ላይ ያለውን አየር በጅምላ እንጂ እኛ የምንተነፍሰውን ብቻ አይደለም።

ሦስተኛው የስህተት ምንጭ የልቀት ቆጠራው፣ ማለትም ከየምንጩ የሚወጣው ጭስ ስሌት ነው። ስንት መኪና አለ? ምን ያህል ያጨሳል? እ.ኤ.አ. በ2015 የተጋለጠው የመኪና አምራቹ የቮልስዋገን የጭስ ምርመራ ማጭበርበር እንዳሳየው፣ በላብራቶሪ የተመዘገበው ቁጥር መንገድ ላይ ከሚወጣው ጭስ ጋር በጣም ሊራራቅ ይችላል። የቤት ውስጥ ከሰልና እንጨትማ ቆጣሪ የለውም።

ታዲያ ምን ይደረጋል? አንዱ መንገድ ክሪጊንግ፣ ማለትም ከተለኩት ቦታዎች ተነስቶ ያልተለኩትን የሚገምት የስሌት ዘዴ ነው። ስሙ የተወሰደው የወርቅ ማዕድን ክምችት ሲገምት ከነበረው ደቡብ አፍሪካዊ መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ ነው። ዘዴው ለእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፦ ግምቱን እና የግምቱን አስተማማኝነት። ከመሣሪያዎቹ በተራቀ ቁጥር ሁለተኛው እየተዳከመ ይሄዳል። ሌላው መንገድ ግብዓቶቹን እየቀያየሩ ሞዴሉን ብዙ ጊዜ ማስኬድና ውጤቱ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ማየት ነው። አንዳንድ መለኪያዎችን ደብቆ ሞዴሉ እንዲገምታቸው ማድረግም የተለመደ ፈተና ነው። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ሴንሰሮቹ በአንድ ጎዳና ላይ ከተደረደሩ፣ አንዱን ብቻ መደበቅ ሞዴሉን ያለ አቅሙ ጎበዝ ያስመስለዋል። አንድ ሙሉ ክፍለ ከተማ ደብቆ መፈተን የበለጠ እውነቱን ያወጣል።

ስህተቱ ትልቅ ስለሆነ ብቻ ካርታው ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ወሳኙ ጥያቄው ነው። የአንድ ሰፈር ዓመታዊ አማካይ በኩቢክ ሜትር 30 ማይክሮግራም ሆኖ ተገመተ እንበል፤ ስህተቱም 12 ወደ ላይ፣ 12 ወደ ታች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ 5 ነው። ዝቅተኛው ግምት 18 እንኳ የዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ፣ አየሩ ጎጂ ለመሆኑ ተጨማሪ ልኬት መጠበቅ አያስፈልግም። ድርጅቱ ለሽግግር ያስቀመጠውን የመጀመሪያ ደረጃ፣ ማለትም 35ን፣ አልፏል ወይ ከተባለ ግን በዚህ ቁጥር መልስ መስጠት አይቻልም። ጎረቤት ሰፈሩ 34 ቢሆን፣ «ያኛው ይብሳል» ማለትም አይቻልም።

ስለዚህ ጥሩ ካርታ አማካዩን ብቻ አያሳይም። ከአንድ ገደብ የማለፍ ዕድሉ ስንት በመቶ እንደሆነም ያሳያል። መረጃ የሳሳበትን ቦታ ያደበዝዛል ወይም በሰረዝ ይሸፍነዋል። ቀጣዩ ሴንሰር የት ይተከል ለሚለውም መነሻው ይኸው የስህተት ካርታ ነው። ስህተቱን ብቻ ከተከተልን ግን ሴንሰሩ ሰው የማይኖርበት ዳር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ከነዋሪው ብዛት ጋር ካባዛነው፣ ተጨናንቀው ሳይለኩ የቀሩት ሰፈሮች ቀድመው ተራ ያገኛሉ።