በቴምዝ ወንዝ ላይ ቢጫው ሰሌዳ «ሂዱ» ነው ወይስ «ቁሙ»?

ለንደን ውስጥ ካለችው ቴዲንግተን በላይ ባለው የቴምዝ ክፍል በናሮውቦት (ጠባብና ረጅም ጀልባ) የሚጓዙ ሰዎች ስለ ውሃው ፍሰት በሚያስጠነቅቀው በዚህ ሰሌዳ ደጋግመው ይደናገራሉ። የሚሰቀለው ሎኩ ላይ ነው፤ ሎክ ማለት ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ፣ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው የውሃ ክፍል ነው።

ቀለሙን ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፤ ጽሑፉን አንብቡ። ቢጫ ሆኖ «ፍሰቱ እየጨመረ ነው» ካለ፣ ባለ ሞተር ጀልባ አስተማማኝ ቦታ ፈልጎ ይታሰር። «እየቀነሰ ነው» ካለ በጥንቃቄ መጓዝ ይችላል። በመቅዘፊያ የሚሄድ ጀልባ ግን በሁለቱም አይወጣም። ቀይ ከሆነ ማንም አይንቀሳቀስ።

ለምሳሌ ጠዋት «እየቀነሰ» የሚል አይታችሁ ተነሳችሁ፤ ቀጣዩ ሎክ ላይ «እየጨመረ» ይላል። እዚያው እሰሩ። ሰሌዳው የሚናገረው ከዚያ ሎክ እስከሚቀጥለው ስላለው ውሃ ብቻ ነው።

ትልቁ አደጋ ከሎኩ ጎን ያለው ዊር ነው፤ የወንዙን ከፍታ የሚጠብቀው ዝቅተኛ ግድብ። ናሮውቦት እስከ 22 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ሆዱም ጠፍጣፋ ነው። ወደ ሎኩ ለመግባት ፍጥነት ስትቀንሱ መሪው ጉልበት ያጣል፤ የኋላ ማርሽ ስታስገቡ ደግሞ ጭራሽ አይታዘዝም። ያኔ ውሃው አፍንጫውን ወደ ዊሩ ይጎትተዋል።

ሰሌዳው የእንግሊዝ የአካባቢ ኤጀንሲ ምክር ነው። በቀይ ተጉዞ ለደረሰ ጉዳት ኢንሹራንስ መክፈል አለመክፈሉ እንደየውሉ ይለያያል፤ ከመነሳታችሁ በፊት ውላችሁን እዩ። በሌሎች ወንዞች ምልክቱ ሌላ ነው፤ የካናልና ወንዝ ትረስት የተባለው ድርጅት በሚያስተዳድራቸው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የውሃ ከፍታ መለኪያ ታገኛላችሁ።