«ሲያድግ ይስተካከላል» አትበሉ፦ ስለ ልጆች የላንቃ ማስፊያ

የስምንት ዓመት ልጄ ስትነክስ፣ በቀኝ በኩል ያሉት የላይ ጥርሶቿ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ይገቡ ነበር። የላይኛው መንጋጋዋ ጠባብ ስለሆነ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ክሊኒክ የላንቃ ማስፊያ፣ ማለትም ላንቃ ሥር ተቀምጦ መንጋጋውን ቀስ በቀስ የሚያሰፋ ባለ ብሎን መሣሪያ፣ ተገጠመላት። ከዚያ ወዲህ ወረፋ ላይም፣ የሰፈር ቡና ላይም የማልሰማው ነገር የለም።

«የወተት ጥርስ ነው፣ ሲያድግ ይስተካከላል።» ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በራሱ የሚስተካከል አልፎ አልፎ ይኖራል። ብዙውን ጊዜ ግን ችግሩ ወደ ቋሚው ጥርስ ይሻገራል። ልጁ ጥርሱ እንዲገጥምለት አገጩን ወደ አንድ ጎን እያንሸራተተ ይነክሳል። ይሄ ለዓመታት ከቀጠለ መንጋጋው ወደዚያው አዘንብሎ ሊያድግ ይችላል። ደግሞም ጊዜው ያልፋል። የላይኛው መንጋጋ ላንቃ መሃል ላይ የሚገናኙ ሁለት አጥንቶች ነው። በልጅነት መጋጠሚያቸው ገና አልጠነከረም። ከጉርምስና በኋላ ግን እየተቆላለፈ ይሄዳል፤ አዋቂ ላይ ቀዶ ሕክምና እስከመጠየቅ ይደርሳል። ስለዚህ ልጆች 7 ዓመት ሲሞላቸው አንዴ ቢታዩ ጥሩ ነው።

«አጥንት ይሰብራል እኮ!» አይሰብርም። መጋጠሚያውን ቀስ በቀስ ይከፍታል፣ ክፍተቱን አዲስ አጥንት ይሞላዋል። ሐኪሙ ባዘዘው መሠረት መሃል ላይ ያለችውን ብሎን እኔው በትንሽ ቁልፍ አዞር ነበር። አንዱ ማዞር ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ልጄ «አፍንጫዬ ሥር ጫን አለኝ» ትልና ትንሽ ቆይታ ትረሳዋለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ምራቋ በዝቶ፣ «ሰ» ማለትም አስቸግሯት ነበር። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ኤመርሰን አንጄል በ1860 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል።

«የፊት ጥርሷን አበላሹት!» ፍንጭት ስትሆን እኔም ደንግጬ ነበር። አክስቴ ግን «ተዪው፣ ፍንጭት ያምርባታል» አለችኝ። ያምርባታል፣ ግን አይቆይም። ክፍተቱ አጥንቱ እየሰፋ ለመሆኑ ምልክት ነው። ማዞሩ ካበቃ በኋላ ጥርሶቹ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ተመልሰው ይቀራረባሉ።

«ማንኮራፋት ያድናል» የሚሉም አሉ። የአፍንጫ ወለል አብሮ ስለሚሰፋ የሚቀለው ልጅ አለ። ለማንኮራፋት ብቻ ከሆነ ግን መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ቶንሲሉን ይይለት።

«ከሰፋ በቃ፣ ይውለቅላት።» ይሄኛው አሁን በየቀኑ የምሰማው ነው። ማዞሩ የሳምንታት ጉዳይ ነው፤ አጥንቱ እስኪጠና ግን ማስፊያው ከ3 እስከ 6 ወር ይቆያል። ቶሎ ከወለቀ ተመልሶ ይጠባል። እስከዚያ ቆሎና ማስቲካ የለም። ማታ ማታ ብሎኗ ሥር የገባውን እንጀራ በትንሽ ብሩሽ አብረን እናወጣለን።